ቶሮንቶ ሃስኪስ፦ የኤንቢኤን የመጀመሪያ ጨዋታ አስተናግዶ በዓመቱ የፈረሰው ቡድን

የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ «ልጄ የቶሮንቶ ራፕተርስ ደጋፊ ነው። የኤንቢኤ የመጀመሪያው ጨዋታ የተካሄደው እዚሁ ቶሮንቶ ውስጥ ነው ይለኛል። እኔ ደግሞ ራፕተርስ መጫወት የጀመረው በ1995 እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለቱ ነገር እንዴት ይታረቃል? ከራፕተርስ በፊት ሌላ ቡድን ከነበረስ ለምን ጠፋ?»

ልጅዎ ልክ ነው፤ እርስዎም ልክ ነዎት። የኤንቢኤ፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካው ታላቅ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የመጀመሪያ ጨዋታ የተካሄደው ዓርብ ጥቅምት 22 ቀን 1939 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 1 ቀን 1946፣ ሜፕል ሊፍ ጋርደንስ በሚባለው የቶሮንቶ ታላቅ አዳራሽ ውስጥ ሲሆን፣ ባለሜዳው ቶሮንቶ ሃስኪስ፣ እንግዳው ደግሞ ኒው ዮርክ ኒከርቦከርስ፣ ዛሬ በአጭሩ ኒክስ የምንለው ቡድን ነበር። ኒክስ 68 ለ66 አሸነፈ። ሃስኪስ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ስድሳ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ በ1947 የበጋ ወራት ፈረሰ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

በቅድሚያ «የኤንቢኤ የመጀመሪያው ጨዋታ» የሚለው አባባል ምን ማለት እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም በዚያች ሌሊት ኤንቢኤ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ሃስኪስ የተጫወተበት ሊግ ስሙ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ማኅበር፣ በምኅጻረ ቃል ቢኤኤ ሲሆን፣ የተመሠረተው ጁን 6 ቀን 1946 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። በጊዜው በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ትናንሽ የኢንዱስትሪ ከተሞች ውስጥ ከ1937 ጀምሮ የሚወዳደር፣ በተጫዋች ጥራትም የማይናቅ ሌላ ሊግ ነበር፤ ኤንቢኤል ይባላል። ሁለቱ ሊጎች ለሦስት ዓመት በተጫዋችና በተመልካች ሲሻሙ ቆይተው ኦገስት 3 ቀን 1949 ተዋሐዱና የዛሬውን ስም ያዙ። የተዋሐደው ሊግ ታሪኩን የሚቆጥረው ግን ከኤንቢኤል ጅማሬ ሳይሆን ከቢኤኤ ጅማሬ ነው። ስለዚህ የቶሮንቶው ጨዋታ «የመጀመሪያ» የሚለውን ማዕረግ ያገኘው ቡድኑ ከፈረሰ ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረሰ ስምምነት ነው። በዚያች ሌሊት በአዳራሹ የነበረ ሰው ሁሉ የሚያየው ከአንድ አዲስና ዕድሜው ከማይታወቅ ሊግ የመጀመሪያውን ምሽት ብቻ ነበር። በነገራችን ላይ የዚያ ቀን ጨዋታ ያ አንድ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ቡድኖች መጫወት የጀመሩት በማግስቱ ነው። ክብሩ ለቶሮንቶ የደረሰውም በዚህች የአንድ ቀን መቅደም ምክንያት ነው።

የሃስኪስ መጨረሻ የሚገባን ይህን ሊግ እነማን ለምን እንደ መሠረቱት ስንረዳ ነው። ቢኤኤን የመሠረቱት በአብዛኛው የትልልቅ አዳራሾች ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች ናቸው፤ የሊጉ ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው ሞሪስ ፖዶሎፍም ከቅርጫት ኳስ ቤት የመጣ ሳይሆን የአሜሪካን ሆኪ ሊግን ይመራ የነበረ የሕግ ባለሙያ ነው። የእነዚህ ሰዎች አዳራሾች ዋና ገቢ የበረዶ ሆኪ ነበር፤ በበረዶ ላይ በጫማ ምላጭ እየተንሸራተቱ የሚጫወቱት፣ ዱላውን ላየ ኢትዮጵያዊ የገናን ጨዋታ የሚያስታውስ ስፖርት ነው። ሆኪ በሳምንት ውስጥ ጥቂት ምሽቶችን ብቻ ይይዛል፤ የቀሩት ምሽቶች አዳራሹ ባዶውን ያድራል፣ ወጪው ግን አይቋረጥም። ጦርነቱ ስላበቃ ሰዉ ገንዘብም ጊዜም አግኝቷል፣ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስም በኒው ዮርክ አዳራሾችን እየሞላ ነበር። እንግዲህ ባዶዎቹን ምሽቶች በቅርጫት ኳስ እንሙላቸው ተባለ። በዚህ አሠራር የቅርጫት ኳስ ቡድን የሚያገኘው ሆኪው የተወለትን ቀን ነው። ኒክስ ራሱ በስመ ጥሩው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ቦታ እያጣ አብዛኛውን የሜዳው ጨዋታ አንድ የክፍለ ጦር ሕንጻ ውስጥ ለመጫወት ይገደድ ነበር።

አሥራ አንድ ቡድኖች ተመዘገቡ፤ አሥሩ ከአሜሪካ፣ አንዱ ከካናዳ። ካናዳዊውን ቡድን የያዙት ኤሪክ ክራዶክ፣ ቤን ኒውማን፣ ሃሮልድ ሻነንና ሉ ሄይማን ነበሩ። ከአራቱ በስፖርቱ ዓለም ስሙ የገነነው ሄይማን ነው፤ የቶሮንቶ አርጎኖትስን የካናዳ እግር ኳስ (ኳሷ በእጅ እየተያዘ የሚጫወቱት፣ የአሜሪካኑን የሚመስል ጨዋታ) ቡድን አሠልጥኖ በ1930ዎቹ ሦስት ጊዜ ግሬይ ካፕ የተባለውን ዋንጫ ያስበላ፣ በዚያው በ1946 ደግሞ የሞንትሪያል አሉኤትስን ቡድን ካቋቋሙት አንዱ የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ ሃስኪስ የተያዘው በማያውቁት ነገር ገንዘባቸውን በበተኑ ሰዎች እጅ ነው የሚለውን አልቀበልም። ነገር ግን ሰዎቹ የሜፕል ሊፍ ጋርደንስ ባለቤቶች አልነበሩም። አዳራሹ የሜፕል ሊፍስ ሆኪ ቡድን ቤት ነበር፤ ሃስኪስ በእንግድነት እየገባ የሚጫወትበት። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ለመክፈቻው ምሽት የተደረገው ማስታወቂያ ዛሬም ድረስ ይወራል። ጆርጅ ኖስትራንድ የተባለው የቡድኑ ተጫዋች ቁመቱ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ ከእርሱ የሚረዝም ሰው ሁሉ በነጻ እንደሚገባ በጋዜጣ ተነገረ። ለሌላው ሰው የመግቢያ ዋጋው ከ75 ሳንቲም እስከ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። 7,090 ተመልካች መጣ። ስለ አዲስ ሊግ፣ ያውም ከተማዋ በሆኪ በምትነድበት በኖቬምበር ወር፣ ይህ ቁጥር የሚያሳፍር አይደለም።

የጨዋታውን የመጀመሪያ ነጥብ ያስቆጠረው የኒክሱ ኦሲ ሼክትማን ነው። ኳሷን ለጓደኛው ሰጥቶ ወደ ቅርጫቱ ሮጠ፣ መልሶ ተቀበለና ከቅርብ አስገባት። ይህች ቀላል ቅብብል በሊጉ መዝገብ የመጀመሪያዋ ቅርጫት ሆና ተጻፈች፤ ሼክትማን በሊጉ የተጫወተው ያንን አንድ ዓመት ብቻ ቢሆንም በ2013 በ94 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ በእርሷ ይታወስ ነበር። ኒክስ የመጀመሪያውን አጋማሽ 37 ለ29 መራ። ሃስኪስን ተሸክሞ የነበረው ኤድ ሳዶውስኪ የሚባል ግዙፍ የመሐል ተጫዋች ሲሆን፣ እርሱ የቡድኑ አሠልጣኝም ነበር፤ 18 ነጥብ አስቆጥሮ ሁለተኛው አጋማሽ በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በጥፋት ብዛት ከሜዳ ወጣ። የሚገርመው ቡድኑ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በእርሱ ቦታ የገባው ኖስትራንድ ሃስኪስን ወደ መሪነት አመጣው፤ ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅም 48 ለ44 ይመሩ ነበር። የመጨረሻው ሩብ እየተቀዳደሙ አለቀና ኒክስ በአንዲት ቅርጫት በልጦ ወጣ።

አንባቢ ያንን ጨዋታ በዛሬው ዓይን እንዳይስለው አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዘመን አንድ ቡድን ኳሷን በያዘ ጊዜ በ24 ሴኮንድ ውስጥ መወርወር አለበት የሚለው ሕግ አልነበረም፤ እርሱ የመጣው በ1954 ነው። የመራ ቡድን ኳሷን እየተቀባበለ ሰዓት ሊያስጨርስ ይችል ነበር። በብዙዎቹ አዳራሾች የእንጨቱ ወለል የሚዘረጋው በሆኪው በረዶ ላይ ስለነበር፣ ሜዳው ሲቀዘቅዝና አንዳንድ ጊዜም ላብ እንዳወጣ ግድግዳ ሲረጥብ ተጫዋቾች ይንሸራተቱ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በመላ ሊጉ ከተወረወሩት ኳሶች የገቡት ከ28 በመቶ በታች ናቸው። ቀጠናን የመከላከል ዘዴም፣ ማለትም ተከላካዩ አንድን ተጫዋች ከመከተል ይልቅ የተመደበለትን ቦታ የሚጠብቅበት አሠራር፣ ጨዋታውን ስላፈዘዘው ሊጉ በጃንዋሪ 1947 ከለከለው። ይህንን ሁሉ የምለው ተጫዋቾቹን ለማሳነስ አይደለም። የቶሮንቶ ሕዝብ በሆኪ ፍጥነት ያደገ ነበርና ቅርጫት ኳስ ገና ያልሾለ መልኩን ይዞ ፊቱ እንደቀረበ ለማሳየት ነው።

ከመክፈቻው በኋላ የመጣው ታሪክ የአሠልጣኞች መፈራረቅ ነው። ሳዶውስኪ በ12 ጨዋታ 3 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ሥራውን ለቀቀ፤ በዝውውርም ወደ ክሊቭላንድ ሪቤልስ ሄደ። አስቡት፤ ቡድኑ በአንድ ጊዜ አሠልጣኙንና ምርጥ ተጫዋቹን አጣ። ሄይማን ራሱ ለአንድ ጨዋታ አሠልጣኝ ሆኖ ቆመ፣ ተሸነፈ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ዲክ ፊትዝጀራልድ ሦስት ጨዋታ መራ፤ ሁለቱን አሸነፈ። በመጨረሻ የመጣው ሬድ ሮልፍ ነው። ሮልፍ የኒው ዮርክ ያንኪስ የቤዝቦል ቡድን የሦስተኛ ቤዝ ተጫዋች የነበረና ከቡድኑ ጋር አምስት ጊዜ የወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የቤዝቦሉ የፍጻሜ ውድድር፣ ሻምፒዮን የሆነ፣ በየል ዩኒቨርሲቲም ቅርጫት ኳስ ያሠለጠነ ሰው ነበር። በ44 ጨዋታ 17 አሸነፈ፣ 27 ተሸነፈ። ሲደመር ሃስኪስ በአንድ የውድድር ዘመን አራት አሠልጣኝ ቀያይሮ 22 ድልና 38 ሽንፈት ይዞ ጨረሰ። ከክሊቭላንድ በሳዶውስኪ ልውውጥ የመጣው ሊዮ ሞጉስ ከቡድኑ አጥቂዎች ሁሉ የተሻለ የነጥብ አማካይ ነበረው፤ ግን የሄደውን ሰው ቦታ የሚሞላ አልነበረም።

የካናዳ ቡድን ቢባልም ተጫዋቾቹ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ አሜሪካውያን ነበሩ። ካናዳውያኑ ሁለት ብቻ ናቸው፤ በጣሊያን ተወልዶ በኦንታሪዮዋ የዊንድሰር ከተማ ያደገው ሃንክ ቢያሳቲና ጂኖ ሶቭራን፣ ሁለቱም የዊንድሰር ልጆች፣ ሁለቱም በጥቂት ጨዋታዎች ብቻ የተሰለፉ። ቢያሳቲ በኋላ በፊላደልፊያ አትሌቲክስ በትልቁ የቤዝቦል ሊግ ለመጫወትም በቅቷል። የከተማው ወጣት አዳራሹ ውስጥ ገብቶ «የሰፈሬ ልጅ» ብሎ የሚጮኽለት ሰው አላገኘም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ለምን ጠፋ ወደሚለው ልምጣ። ዘወትር የሚሰጠው መልስ ካናዳውያን ሆኪ እንጂ ቅርጫት ኳስ አይወዱም ነበር የሚል ነው። እኔ ይህንን መልስ እንደ ስንፍና እቆጥረዋለሁ፤ በዚያ ሀገር የነበሩ ብዙ ሰዎችን ድካምም ይሰርዛል። ቅርጫት ኳስን በዲሴምበር 1891 ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ ራሱ የኦንታሪዮ ሰው ነው፤ የተወለደው አልሞንት አጠገብ ነው። የኤድመንተን ግራድስ የሴቶች ቡድን ከ1915 እስከ 1940 ድረስ 502 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው 20 ጊዜ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው ቡድን በየትኛውም ስፖርት ማግኘት ያስቸግራል። በ1936 የበርሊን ኦሎምፒክ ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ የብር ሜዳሊያ የወሰደችው ካናዳ ናት፤ በዝናብ በጨቀየ ሜዳ ላይ በአሜሪካ 19 ለ8 ተሸንፋ። የዚያ ቡድን አብዛኞቹ ተጫዋቾች ከዊንድሰር የመጡ ነበሩ። ጨዋታው በካናዳ ነበረ፤ ሥሩ ግን ኤድመንተንና ዊንድሰር ነበር። ሊጉ ቶሮንቶን የመረጠው ታላቅ አዳራሽ ስለነበራት ነው።

ለእኔ አጥጋቢውን መልስ የሚሰጠኝ የደረጃ ሰንጠረዡ ነው። በምሥራቅ ምድብ ስድስት ቡድኖች ነበሩ። ሃስኪስ የጨረሰው መጨረሻ ላይ ነው፣ ነገር ግን ብቻውን አይደለም፤ በትክክል 22 ድልና 38 ሽንፈት ያለው ሌላ ቡድን አጠገቡ አለ። ያ ቡድን ቦስተን ሴልቲክስ ነው። እስከ 2024 ድረስ አሥራ ስምንት ጊዜ የኤንቢኤ ዋንጫ የበላው ሴልቲክስ በመጀመሪያው ዓመት ከሃስኪስ በአንድ ጨዋታ እንኳን አልተሻለም። ገንዘብም አላተረፈም። ልዩነቱ ሴልቲክስን የያዘው ዋልተር ብራውን የቦስተን ጋርደንን አዳራሽ የሚያስተዳድረው ሰው ራሱ መሆኑ ነው። የአዳራሹ ባለአክሲዮኖች ኪሣራው በመረራቸው ጊዜ ብራውን በ1950 ቡድኑን ከሉ ፒዬሪ ጋር በራሱ እጅ ወስዶ የግል ሀብቱን እያፈሰሰ አቆየው። በዚያው ዓመት አሠልጣኙ ሬድ አወርባክና ቦብ ኩዚ መጡ፤ በ1956 ቢል ራስል መጣ፤ የመጀመሪያው ዋንጫ በ1957 ገባ። እንግዲህ ሴልቲክስ ፍሬ ለማየት አሥራ አንድ የውድድር ዘመን ጠብቋል።

የሃስኪስ ባለቤቶች ለመጠበቅ የሚያበቃ ምክንያት አልነበራቸውም። በአንድ ዓመት ወደ 100,000 ዶላር የሚጠጋ ኪሣራ ደረሰባቸው፤ የአንድ ቡድን ተጫዋቾች የዓመት ደመወዝ ጣሪያ 55,000 ዶላር በነበረበት ጊዜ ይህ የሁለት ዓመት ደመወዝ የሚያህል ገንዘብ ነው። የቴሌቪዥን ገቢ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የቡድኑ ኑሮ በበር ላይ በሚሸጠው ትኬት ነበር። የአዳራሽ ባለቤት ከቡድኑ ቢከስር እንኳን ባዶ ሊያድር የነበረ ቤቱ ስለተከፈተለት የተወሰነውን መልሶ ያገኛል። አዳራሹ የሌለው ግን የሚከስረው ሙሉውን ነው። በዚያው ቤት ውስጥ ደግሞ ሜፕል ሊፍስ በኤፕሪል 1947 የሆኪውን ታላቅ ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ አነሣ፤ ቀጥሎም በ1948ና በ1949 ደገመው። የከተማው ልብና ጋዜጣ በዚያ ክረምት ወዴት እንደዞረ መናገር አያስፈልግም። በዚህ ላይ የአሠልጣኞቹ መፈራረቅ ሲታከል፣ አንድ ተመልካች በኖቬምበር ያየውንና በጃንዋሪ የሚያየውን ቡድን አንድ ነው ብሎ ለመከተል ይቸገር ነበር። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ሃስኪስን የገደለው የሕዝቡ ግድየለሽነት ሳይሆን የአዳራሹ ባለቤት አለመሆኑና ምርጥ ሰውን ገና በዲሴምበር ማጣቱ ነው።

በ1947 የበጋ ወራት የተዘጋው ሃስኪስ ብቻ አልነበረም። ፒትስበርግ አይረንመን፣ ክሊቭላንድ ሪቤልስና ዲትሮይት ፋልኮንስም አብረው ፈረሱ፤ ከአሥራ አንዱ አራቱ በአንድ ዓመት ማለት ነው። ሊጉ ከሌላ ሊግ ባልቲሞር ቡሌትስን ወስዶ በስምንት ቡድን፣ የጨዋታውንም ብዛት ከ60 ወደ 48 ቀንሶ ቀጠለ፤ የሚያሳዝነው በዚያ ዓመት ዋንጫውን የወሰደውም ይኸው አዲስ ገቢ ባልቲሞር ነው። ከመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ዛሬ በሕይወት ያሉት ሴልቲክስ፣ ኒክስና ከፊላደልፊያ ተነሥተው ካሊፎርኒያ የሠፈሩት ዎሪየርስ ብቻ ናቸው። የሃስኪስ የመጀመሪያ አሠልጣኝ ሳዶውስኪም በቀጣዩ ዓመት ለሴልቲክስ ተጫውቶ በሊጉ ምርጥ አምስት ውስጥ ተመረጠ፤ ቶሮንቶ በእጇ ይዛው የነበረው ሰው ምን ያህል እንደነበረ ከዚህ ይታያል።

ልጅዎ ቀጥሎ የሚጠይቅዎት ራፕተርስ የሃስኪስ ተከታይ ነው ወይ የሚለውን ሊሆን ይችላል። በሕግም በባለቤትነትም አይደለም። በመካከላቸው ቶሮንቶ አርባ ስምንት ዓመት ያለ ቡድን ኖራለች፤ ከ1971 እስከ 1975 ቡፋሎ ብሬቭስ ጥቂት ጨዋታዎቹን በሜፕል ሊፍ ጋርደንስ ከማድረጉ በቀር። አዲሱ ቡድን ስም ሲፈለግለት ሃስኪስ የሚለው ስም በብርቱ ታስቦ ነበር፤ የውሻ ምስል ያለበት ዓርማ ግን ከሌላው የኤንቢኤ ቡድን ከሚኔሶታ ቲምበርዎልቭስ የተኩላ ዓርማ ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ተተወ። ራፕተርስ የመጀመሪያ ጨዋታውን ኖቬምበር 3 ቀን 1995 ስካይዶም በተባለው የቶሮንቶ ስታዲየም ከኒው ጀርሲ ኔትስ ጋር አድርጎ 94 ለ79 አሸነፈ። የሃስኪስን ሰማያዊና ነጭ ማሊያም በተለያዩ ጊዜያት እየለበሰ ተጫውቷል።

ቶሮንቶ ስለሚኖሩ ልጅዎን ይዘው ካርልተንና ቸርች መንገድ መገናኛ ላይ ወዳለው አሮጌ ሕንጻ ቢሄዱ መልካም ነው። ምድር ቤቱ ዛሬ ሱፐርማርኬት ነው፤ ከወለሉ ላይ የቀድሞው የሆኪ ሜዳ መሐል የነበረበትን ቦታ የምታሳይ ቀይ ነጥብ አለች። ሕንጻው የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ማዕከልም ስለሆነ ቅርጫት ኳስ አሁንም ይጫወቱበታል። የ2019ን የፍጻሜ ግጥሚያ ካስታወሰ ደግሞ ይህንን ይንገሩት፦ ራፕተርስ ያን ጊዜ 4 ለ2 ያሸነፈው ዎሪየርስ፣ በ1947 ሃስኪስ ከመጨረሻው ተርታ ሆኖ ሲበተን የሊጉን የመጀመሪያ ዋንጫ የወሰደው ያው ቡድን ነው።